አሳማ ባልቀመሱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የአሳማ ኮሶ ትል፦ የኒውዮርኩ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1990 እስከ ሐምሌ 1991 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በኒውዮርክ ከተማ በሚኖር አንድ የኦርቶዶክስ አይሁድ ማኅበረሰብ አራት ሰዎች ላይ አንድ ዓይነት ሕመም ተገኘ። አራቱም በተደጋጋሚ ይጥላቸዋል። የአራቱም አንጎል በምስል ሲታይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር አለበት። ዝምድና የላቸውም፤ የሚኖሩትም በአራት የተለያዩ ቤቶች ነው። ከሁለቱ አንጎል ናሙና ተወሰደ፣ የሁለቱ ደም ተመረመረ፤ መልሱ ግን አንድ ሆነ፦ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ። ሐኪሞች ኒውሮሲስቲሰርኮሲስ ይሉታል።

ሕመሙ ራሱ አዲስ አልነበረም። በላቲን አሜሪካ፣ በሕንድ፣ ከሰሐራ በታች ባሉ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትሉ በተስፋፋባቸው ብዙ አካባቢዎች ከሚጥል ሕመም 30 በመቶ ያህሉ ከእሱ ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ያስገረመው ማን ላይ እንደተገኘ ነው። በእነዚህ ሰዎች ቤት አሳማ አይገባም። ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ርኩስ ነው የሚለው የኦሪት ሕግ ለእነሱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ሥጋው ሕጉን በተማረ አራጅ ይታረዳል፣ የሥጋና የወተት ዕቃ አይቀላቀልም፣ ከውጭ የሚገዛው ምግብ የኮሸር ምልክት፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት፣ ካልተለጠፈበት አይነካም። ከአራቱ መካከል ደግሞ በሽታው ወዳለበት አገር ሄዶ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ላደገ አንባቢ ግርምቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ምስል ያየ የኒውዮርክ ሐኪም ዕጢ፣ የአንጎል ቲቢ፣ ወይም የመግል ቋጠሮ ሊያስብ ይችላል። የአሳማ ኮሶ ትል ቢመጣበት እንኳ የመጀመሪያ ጥያቄው «አሳማ ትበላለህ?» የሚል ይሆናል። መልሱ «በፍጹም» ከሆነ ሐሳቡን ይተወዋል። በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። አሳማ መብላት አንጀት ውስጥ ትል ያመጣል እንጂ በቀጥታ አንጎል ውስጥ እጭ አያስገባም።

ይህን ለመረዳት የትሉን ዑደት መከተል ግድ ይላል። የጎለመሰው ትል የሚኖረው በሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ከ2 እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የሚደርሰው ሰው እጭ ያለበትን የአሳማ ሥጋ በደንብ ሳይበስል ሲበላ ነው። ትሉ ካደገ በኋላ ከጭራው በኩል እንቁላል የሞሉ ቁራጮች እየተገነጠሉ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፤ አንዱ ቁራጭ ብቻ እስከ 50,000 እንቁላል ይይዛል። አሳማ ሜዳ ላይ የተጣለ ሰገራ ሲበላ እንቁላሉ በአንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል። ጽንሱ የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ደም ውስጥ ይገባና ጡንቻውና አንጎሉ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ያ ሥጋ ሳይበስል ሲበላ ዑደቱ ይዘጋል።

ችግሩ እንቁላሉን ሰው ከዋጠው ነው። የሰው ሆድ ውስጥ የገባ እንቁላል አሳማ ሆድ ውስጥ እንደገባ ሁሉ ይፈለፈላል፣ ደም ውስጥ ይገባል፣ ጡንቻ፣ ዓይን ወይም አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። ከሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ከረጢት ይሆናል። የአንጎሉ ሕመም መነሻ እንግዲህ ሥጋው ሳይሆን ከሌላ ሰው አንጀት የወጣ እንቁላል ነው። ያ እንቁላል የሚጓዘው በተበከለ ውሃና አትክልት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ በሳሙና ባልታጠበ እጅ ነው። ምንም ሥጋ የማይቀምስ ጾመኛም ሊያዝ ይችላል።

ከዚህ ተነሥተን የኒውዮርኩን ጥያቄ እንደገና እንጠይቀው። እነዚህ ሰዎች ምን በሉ ሳይሆን፣ ምግባቸውን የነካው ማን ነው?

በአትላንታ የሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ማለትም ሲዲሲ፣ ባለሙያዎች ከኒውዮርክ ሐኪሞች ጋር ሆነው ምርመራውን ያካሄዱት በዚህ አቅጣጫ ነው። ቡድኑ ውስጥ የትል በሽታዎች ሊቁ ፒተር ሻንትዝ ነበሩበት፤ ውጤቱም በመስከረም 1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ታተመ። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ወደ ታማሚዎቹ ቤተሰብ ሄዱ። ደማቸው ከተመረመረ 17 የቅርብ ቤተሰብ አባላት ሰባቱ የእጩ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት እጩን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ ተገኘባቸው፤ ሰባቱም ከሁለት ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ከነዚህ የሁለቱ አንጎል በኤምአርአይ ሲታይ ከረጢት ታየበት፤ አንዱን ከዚያ በፊትም ጥሎት ያውቅ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ይገባል። በሽታው በአራት ሰዎች ላይ የወደቀ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ፣ ቤተሰቦቻቸው ውስጥ ይህን ያህል አንቲቦዲ አይገኝም ነበር። በሁለት ቤተሰብ ተከማችቶ መገኘቱ እንቁላሉ ቤት ውስጥ ይዞር እንደነበር ይናገራል። ከገበያ የመጣ ጎመን ወይም ሰላጣ ቢሆን መላው ሰፈር ይዳረስ ነበር።

ቀጥሎ የቤት ሠራተኞቹ ተመረመሩ። በአራቱ ቤቶች የሚሠሩ ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ በሽታው ከሚገኝባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች በቅርቡ የመጡ ናቸው። አንዷ ሰገራ ውስጥ የኮሶ ትል ተገኘ፤ የሌላዋ ደም አንቲቦዲ አሳየ። መርማሪዎቹም የበሽታው ምንጭ ሊሆኑ የሚችሉት እነዚህ ሠራተኞች ናቸው ሲሉ ደመደሙ።

ማስረጃው ምን ያህል ይጸናል? ጽሑፉ ራሱ ጥንቁቅ ነው፤ «ምናልባት ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ» ከማለት አላለፈም። ያልተቋጨ ነገር አለበትና። ስድስት ሴቶች ተመርምረው ትል የተገኘባት አንዷ ናት፤ የታመሙት ቤቶች ግን አራት ናቸው። የቀሩት ቤቶች እንቁላል ከየት መጣ? አሳማኝ የሚሆነው ማብራሪያ ጊዜ ነው። እጩ አንጎል ውስጥ ከገባ በኋላ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመውና በአብዛኛው ሕንድ ያገለገሉ የእንግሊዝ ወታደሮችን ያካተተው የ450 ታማሚዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከመያዝ እስከ መጀመሪያው መውደቅ ያለው ጊዜ ለብዙዎቹ የዓመታት ጉዳይ ነው። በዚህ ስሌት አንድን ሰው በ1990 የጣለው እንቁላል ቤቱ የገባው ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ምግብ ታበስል የነበረችው ሴት ደግሞ ሥራ ቀይራ ሄዳለች። ትሉም ከሰው አንጀት ውስጥ ለዘላለም አይኖርም።

ስለ ሁለተኛዋ ሴት፣ ደሟ አንቲቦዲ ስላሳየው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ምርመራው ኢሚዩኖብሎት የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲዲሲ ውስጥ በቪክተር ሳንግና ባልደረቦቹ ይፋ የተደረገ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከረጢት ያለበትን ታማሚ በጥሩ አስተማማኝነት የሚለይ ነው። አንድ ከረጢት ብቻ ላለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ምርመራው የሚፈልገው በአንጀት ትል ላይ የተሠራ አንቲቦዲ ሳይሆን ሥጋ ውስጥ በገባ እጭ ላይ የተሠራውን ነው። ያቺ ሴት እንግዲህ «አስተላላፊ» ተብላ ከመጠርጠሯ በፊት ራሷ እንቁላሉን የዋጠች ሰው ናት፤ አንጎሏ ውስጥ ከረጢት ሊኖር ይችላል። ትል በአንጀቱ የያዘ ሰው ለአንጎል እጭ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጠው እሱ ራሱ ነው፣ ከዚያ አብረውት የሚኖሩት። ስለ ኒውዮርኩ ጉዳይ የሚጻፈው ብዙው ነገር አሠሪዎቹን ታማሚ፣ ሠራተኞቹን ምንጭ አድርጎ ይተዋቸዋል። እኔ ይህ አገላለጽ የሕክምናውን እውነት ግማሽ ብቻ የያዘ ይመስለኛል።

የኮሸር ሕግስ ለምን አልጠበቃቸውም? ሕጉ የሚመለከተው ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደታረደ፣ በምን ዕቃ እንደቀረበ ነው። ማኅበረሰቡ ዳቦ ከመቁረሱ በፊት እጁን በሥርዓት ይታጠባል፤ ያ ግን የበላተኛው እጅ ነው። ሰላጣውን የከተፈው፣ ለሕፃኑ ፍሬ ልጦ የሰጠው እጅ ሌላ ነው። የትሉ እንቁላል ተለጣፊ ነው፤ ጥፍር ሥር ይቀመጣል። በሚፈላ ወጥ ውስጥ አይተርፍም፤ ጥሬ በሚበላ ነገር ላይ ግን ምንም አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ችግሩ በእነዚህ አራት ቤቶች ያበቃል ወይ የሚል ነበር። ከአንድ የማኅበረሰቡ ምኩራብ የአባላት መዝገብ ላይ ቤተሰቦች ተመርጠው ከ612 ቤተሰብ የ1,789 ሰዎች ደም ተመረመረ። ውጤቱ በ1995 ታተመ፦ 23 ሰዎች፣ ማለትም 1.3 በመቶው፣ አንቲቦዲ ነበራቸው። አንዳቸውም የሕመም ምልክት አልነበረባቸውም፤ አንጎላቸው በምስል ከታየው 21 ሰዎች ውስጥም ከረጢት የተገኘበት የለም። አንቲቦዲው ልጅ የሚጠብቅ የቤት ሠራተኛ ከመቅጠር ጋር ይያያዝ ነበር። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይነግረናል። እንቁላል መዋጥ በዚያ ሰፈር ከአራቱ ቤቶች አልፎ ነበር፤ ደግሞም የዋጠ ሁሉ አንጎሉ አይያዝም። ሰውነት ብዙውን እጭ ሥር ሳይሰድ ያጠፋዋል፤ ሌላው ጡንቻ ውስጥ ቀርቶ ማንንም ሳይረብሽ ያልቃል።

አንጎል የገባው ግን ጠባዩ ልዩ ነው። ሕያው ከረጢት ከሰውነት መከላከያ ራሱን ስለሚሸሽግ በዙሪያው ብዙም እብጠት አይኖርም፣ ሰውየውም ጤነኛ ነኝ ይላል። ጣጣው የሚመጣው እጩ አርጅቶ መሞት ሲጀምር ነው። መከላከያው ያን ጊዜ ይነቃል፣ አካባቢው ያብጣል፣ ሰውየው ይወድቃል። ለዚህ ነው ሕክምናውም ጥንቃቄ የሚሻው። መጀመሪያ የሚጥል ሕመሙ በመድኃኒት ይያዛል። ከዚያ የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል፣ አንዳንዴ ፕራዚኳንቴል ከሚባለው ሌላ የትል መድኃኒት ጋር ይሰጣል፤ ከእነሱ ጋር ግን እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ ይታዘዛል። ከረጢቶቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ አንጎሉ እንዳያብጥ ነው። ዓይን ውስጥ እጭ ካለ መድኃኒቱ ዓይኑን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ይታያል። ሞቶ እንደ ጠጠር የደረቀ ከረጢት ደግሞ የትል መድኃኒት አይፈልግም። ፋርማሲ ገብቶ አልቤንዳዞል ገዝቶ መዋጥ በዚህ ሕመም ራስን አደጋ ላይ መጣል ነው። ኮሶ፣ እንቆቆ ወይም መተሬም የሚጠጡት የአንጀት ትል ለማስወጣት ነው፤ አንጎል ውስጥ ላለ እጭ መድኃኒት አይደሉም።

አሁን ወደ እኛ ኮሶ። ጥሬ ሥጋና ክትፎ የሚወድ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ትል የከብቱ ነው፤ የአሳማው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው። የከብቱ ኮሶ ቁራጮች ጠንካራ ጡንቻ ስላላቸው በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ይወጣሉ፤ ባለቤቱ ልብሱ ላይ አግኝቷቸው ይደነግጣል፣ መድኃኒት ይፈልጋል። የአሳማው ቁራጮች ግን ዝም ብለው ከሰገራ ጋር ስለሚወጡ ትሉን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም። የኒውዮርኳ ሠራተኛ ትል ይዛ ስትሠራ ምንም አልተሰማትም ይሆናል። ዋናው ልዩነት ግን ይህ ነው፦ የከብቱ ኮሶ እንቁላል ከረጢት የሚሆነው ከብት ውስጥ ነው፤ ሰው ቢውጠው አንጎሉን አይዝም። ክትፎ የበላ ሰው ኮሶ ቢይዘው ራሱንም ቤተሰቡንም ለሚጥል ሕመም አይዳርግም።

እረኞቻችን ግን አንጎል ውስጥ የሚገባ እጭ ያውቃሉ። ደጋ ውስጥ በጉ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ቦታ ሲዞር «አዙሪት» ያዘው ይባላል። ያ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ ከውሻው ሰገራ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ በጉ አንጎል። የታረደው በግ ጭንቅላት ለውሻ ሲጣል ዑደቱ ይቀጥላል። ይህኛው በጣም አልፎ አልፎ ሰው አንጎል ውስጥም ተገኝቷል።

የ1992ቱ ጽሑፍ ያቀረበው ምክር፣ በሽታው ካለበት አገር በቅርቡ የመጡ ሰዎች የቤት ሠራተኛ ወይም ምግብ አዘጋጅ ሆነው ከመቀጠራቸው በፊት ሰገራቸው ይመርመር የሚል ነው። እኅቶቻችን በቤሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ ቤቶች ውስጥ ምግብ ያበስላሉ፤ ስለዚህ ምክሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኩዌት፣ በኳታርና በሳውዲ አረቢያም አሳማ በማይበሉ የአገሬው ሰዎች አንጎል ውስጥ ይኸው እጭ መገኘቱ በሕክምና መጽሔቶች ተዘግቧል። ወደ ገልፍ ለሚሄዱ ሠራተኞች የሚደረገው የጤና ምርመራም የሰገራ ምርመራን ይጨምራል። ምርመራው በራሱ ክፉ አይደለም። የአንጀት ትል በአንድ ጊዜ በሚዋጥ መድኃኒት ስለሚወጣ፣ ትል ተገኘባት ማለት ታክማ ሥራዋን ትቀጥላለች ማለት ነው እንጂ ከሥራ ትባረራለች ማለት መሆን አልነበረበትም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የከብቱና የአሳማው ኮሶ እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ አንድ ናቸው፤ ላቦራቶሪው ሊጽፍ የሚችለው «የቴኒያ እንቁላል ታይቷል» ብቻ ነው፤ ቴኒያ የሁለቱም ትሎች የጋራ ሳይንሳዊ ስም ነው። የኒውዮርኩ ጥናትም ስለ ሠራተኛዋ ትል ከዚህ አላለፈም። ያቺ ሴት አሳማ በብዛት ከሚበላበት አካባቢ ስለመጣች የአሳማው ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት፣ አሳማ ግን በማይነካበት አካባቢ ያደገች ኢትዮጵያዊት ላይ ያው ወረቀት ቢወጣ ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የከብቱ ኮሶ ነው፤ ለአሠሪዎቿ አንጎል ስጋት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሐኪም ወይም ኤጀንሲ በአንድ መስመር ውጤት የሰው እንጀራ ሊዘጋ ይችላል።

መለየት ይቻላል። እንቁላሉ ሳይሆን ቁራጩ ወይም የትሉ ራስ ከተገኘ ሥራው ቀላል ነው። የአሳማው ትል ራስ በመንጠቆ የተከበበ ነው፤ የከብቱ መንጠቆ የለውም። የአሳማው ቁራጭ ማሕፀን በእያንዳንዱ ጎን ከ7 እስከ 13 ቅርንጫፍ አለው፤ የከብቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 በላይ ነው። በፒሲአር፣ ማለትም በዘረ መል ምርመራ፣ የሚለዩ ላቦራቶሪዎችም አሉ። ስለዚህ ኮሶ የታየባት ሴት ቁራጩን ከመጣል ይልቅ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርጋ ለላቦራቶሪው ብትሰጥ፣ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ውጤት የትኛው ትል እንደሆነ የሚናገር ይሆናል። መድኃኒቱንም በሚመለከት፣ የአሳማው ትል ነው የሚል ጥርጣሬ ካለ ፕራዚኳንቴል ከመስጠት በፊት ሰውየውን ጥሎት ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ስለሚገባ ያልታወቀ የአንጎል ከረጢት ካለ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ኒክሎሳማይድ የሚባለው ሌላው የኮሶ መድኃኒት ግን ከአንጀት ብዙም ስለማይወጣ ይህ ስጋት የለበትም።